የሚሸሽ ባለታሪክ ምን ያስተምራል?

አማርኛችን ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። በመጽሐፍ ውስጥ ታሪኩ የሚነገርለትን ሰው «ባለታሪክ» እንለዋለን። በችግር ቀን ጸንቶ የቆመውን ደግሞ «ጀግና» እንለዋለን። አንድ ሰው ባለታሪክ ስለሆነ ብቻ ጀግና አንለውም፤ ሌባም፣ ሰነፍም፣ ፈሪም ባለታሪክ ሊሆን ይችላልና። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ይጠቀማል። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝኛ አንባቢ የመጽሐፉ ዋና ሰው ፈሪ ሆኖ ሲያገኘው የተታለለ ይመስለዋል። ጀግና ተብሎ ተነግሮት የሚሸሽ ሰው ያገኛል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት በአንድ ቧልታይ ልቦለድ ዙሪያ አንባቢዎች ለዓመታት ስላደረጉት ክርክር ነው፤ ከክርክሩ ከፊሉም የሚመነጨው ከዚህ የቃል መደራረብ ይመስለኛል።

መጽሐፉ «ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ» ይባላል፤ «የአስማት ቀለም» ማለት ነው። ደራሲው ቴሪ ፕራቼት እንግሊዛዊ ነው፤ በ1948 ተወልዶ በ2015 ሞቷል። መጽሐፉ በ1983 ሲታተም ደራሲው በአገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ውስጥ የጋዜጣ ጉዳይ ሠራተኛ ነበር፤ የጻፈውም ከሥራው ጎን ለጎን ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ምናባዊ ዓለም ላይ የተመሠረቱ ልቦለዶቹ 41 ደረሱ፤ በዓለም ዙሪያም ከ80 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጦለታል። እንግዲህ የምናወራው ጥቂት ሰዎች ስለሚያውቁት መጽሐፍ አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ በተለይም በውጭ አገር የሚኖር፣ አንድ ቀን ይህን መጽሐፍ በልጁ እጅ ሊያየው ይችላል።

ታሪኩ የሚካሄድበት ዓለም እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ነው። ሰሃኑን አራት ዝሆኖች ተሸክመውታል፤ ዝሆኖቹ ደግሞ በሕዋ ውስጥ በምትዋኝ አንዲት ግዙፍ ኤሊ ጀርባ ላይ ቆመዋል። በዚህ ዓለም ትልቅና ቆሻሻ ከተማ ውስጥ ሪንስዊንድ የሚባል ሰው ይኖራል። ሥራው አስማተኛ ነው ይባላል፤ ግን አንድም አስማት አይችልም። በአስማተኞች ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በውርርድ ተነሳስቶ አንድ የተከለከለ መጽሐፍ ከፈተ፤ ከመጽሐፉ ስምንት ታላላቅ ድግምቶች አንዱ ዘልሎ አእምሮው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ድግምቶች ይህን ስለሚፈሩ አእምሮው ውስጥ አልቀመጥ አሉ። ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ። ባርኔጣው ላይ «አስማተኛ» ብሎ ጽፏል፤ እሱንም ፊደሉን አሳስቶ።

ይህ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ይችላል። አንደኛው የብዙ አገር ቋንቋ መናገር ሲሆን ሁለተኛው መሮጥ ነው። አንድ ቀን ከሩቅ አገር ቱፍላወር የሚባል ሰው ወደ ከተማው ይመጣል። የዚያ ዓለም የመጀመሪያው ቱሪስት ነው። በአገሩ የኢንሹራንስ ጸሐፊ ነበር። ወርቅ በከረጢት ይዞ ይዞራል፤ ገንዘቡ በዚህ ከተማ ምን ያህል እንደሚያወጣ ግን አያውቅም። ሰው ሊገድለው ቢመጣ እንኳ የአገሩ ትርዒት እየመሰለው በደስታ ያያል። ከኋላው ብዙ ትንንሽ እግሮች ያሉት የእንጨት ሣጥን ይከተለዋል፤ ሣጥኑ ባለቤቱን የነካበትን ሰው ይውጣል። ቱፍላወር ቋንቋውን የሚያውቅለት አስጎብኚ ሲፈልግ ሪንስዊንድን ያገኛል፤ ደመወዙንም አስቀድሞ በወርቅ ይከፍለዋል። ሪንስዊንድ ምን አደረገ? ገንዘቡን ይዞ ሊጠፋ ሞከረ። የከተማው ገዥ አስያዘውና እንግዳው አንዳች ነገር ቢደርስበት ወየውልህ ብሎ መለሰው።

ከሣቁ ውስጥ ቁም ነገር ያለበትን አንድ ቦታ ልጥቀስ። ቱሪስቱ ለአንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ስለ እሳት ኢንሹራንስ ይነገረዋል። በዚያ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነገሩን እንደ ውርርድ ይረዳዋል፤ ቤቱ ከተቃጠለ ብዙ ወርቅ ያገኛል፣ ካልተቃጠለ የከፈለው ይቀራል። እንዲህ ካሰበ በኋላ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። በዚያው ምሽት ቤቱን ራሱ ያቃጥላል፤ ከተማውም አብሮ ይነዳል። ደራሲው ስለ ኢኮኖሚ አንድም ስብከት ሳይሰብክ፣ ሰው ጥፋቱ ከትርፉ በሚበልጥበት ውል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አሳየን። የውርርድን ነገር ከሃይማኖቱ ለተማረ አንባቢ ይህ ቀልድ ከማንም በላይ ቶሎ ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ አንባቢዎቹ ክርክር እንምጣ። የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ይላሉ፦ ሪንስዊንድ አሰልቺ ነው። አደጋ ይመጣል፣ ይሮጣል፤ ሌላ አደጋ ይመጣል፣ ደግሞ ይሮጣል። ራሱ መርጦ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ይደርስበታል እንጂ። በመጀመሪያው ገጽ የነበረው ሰው በመጨረሻውም ያው ነው። ከዚህ ደራሲ መጻሕፍት ማንበብ ለሚጀምር ሰው «በዚህኛው አትጀምር» ብለው የሚመክሩ ብዙዎች ናቸው፤ በ1987 የወጣውን «ሞርት»ን ወይም በ1989 የወጣውን «ጋርድስ! ጋርድስ!»ን ያስቀድማሉ።

ሁለተኛዎቹ ተቃራኒውን ይናገራሉ። በዚያ ዓለም ውስጥ አእምሮው የተስተካከለው ሰው ሪንስዊንድ ብቻ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ወርቅ፣ ዝና ወይም ሥልጣን ፍለጋ ሰይፍ መዝዘው ይገድላሉ፣ ይሞታሉ። ሪንስዊንድ ግን መኖር ብቻ ይፈልጋል። ማንንም መግዛት አይፈልግም፤ ማንንም ማሸነፍም አያምረውም። እኛ ሠራተኞችና የልጆች አባቶች ጎራዴ ይዘን ዘንዶ ፊት ብንቆም ከሪንስዊንድ የተለየ ነገር እናደርጋለን? ስለዚህ እሱን ስናይ ራሳችንን እናያለን፣ የምንስቀውም በራሳችን ነው ይላሉ።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ ክርክራቸው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከመጽሐፉ አሠራር ጋር ነው። መጽሐፉ በአራት የተከፈለ ነው፤ ክፍሎቹም እንደ አንድ ልቦለድ ሳይሆን እንደ አራት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው። ቀልዱም በአብዛኛው የተሠራው በሌሎች ደራስያን ላይ ነው። ከመጀመሪያው ላይ የሚታዩት ሁለት ባለሰይፎች በፍሪትዝ ላይበር ሁለት ወዳጆች ላይ የተቀለደባቸው ናቸው፤ የዘንዶዎቹ ተራራ በአን ማካፍሪ ላይ፣ የጨለማው ቤተ መቅደስ በላቭክራፍት ላይ። እነዚህን ያላነበበ ሰው ሌሎች ሲስቁ እያየ ምን እንዳሳቃቸው እንደማያውቅ እንግዳ ይሆናል። በዚህ ላይ መጽሐፉ የሚያበቃው ባለታሪኩ ከዓለም ጠርዝ ላይ ሲወድቅ ነው። የዘመኑ አንባቢ ምን እንደደረሰበት ለማወቅ እስከ 1986፣ «ዘ ላይት ፋንታስቲክ» እስኪወጣ ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

በ2008 መጽሐፉ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በፊልም ሲቀርብ ክርክሩ አዲስ መልክ ያዘ። ሪንስዊንድን የተጫወተው ዴቪድ ጄሰን ዕድሜው ወደ 70 የተጠጋ ዝነኛ ተዋናይ ነበር። ብዙ አንባቢዎች በአእምሯቸው የሳሉት ግን ከዚያ በጣም የሚያንስ፣ ቀጭንና ሯጭ ሰው ነበር። የሸመገለ ሰው ሲሸሽ እናዝንለታለን፤ ጎልማሳ ሲሸሽ ግን እንፈርድበታለን። ተዋናዩ በመለወጡ ብቻ የአንባቢው ፍርድ መለወጡ፣ ጉዳዩ ከመጽሐፉ ይልቅ በእኛ ውስጥ ስላለው የጀግንነት ሚዛን መሆኑን ያሳያል።

ውድ አንባቢ፣ ተምሳሌት የማይሆን ባለታሪክ ለእኛ የሥነ ጽሑፍ ቅርስ እንግዳ አይደለም። በ1122 የሞተው የበስራው አል-ሐሪሪ ሃምሳ መቃማዎችን ጽፏል፤ የዐረብኛ ቋንቋ ውበት ለዘመናት ሲቀሰምበት የኖረ መጽሐፍ ነው። ባለታሪኩ አቡ ዘይድ ማን ነው? በየከተማው እየዞረ በአንደበቱ ጣፋጭነት ሰዎችን የሚያታልል ለማኝ ነው። ዛሬ ሰባኪ መስሎ ያስለቅሳል፤ ነገ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ታዲያ ዑለማዎቹ መጽሐፉን አልጣሉትም፤ አስተማሩት፣ አብራሩት፣ በቃላቸው ያዙት። አቡ ዘይድን ምሰሉ ለማለት ግን አልነበረም። በመጨረሻው መቃማ ላይ አቡ ዘይድ ይጸጸታል፤ ያም ቢሆን ከዚያ በፊት ያሉት አርባ ዘጠኙ በሽንገላ የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ «ባለታሪኩ መልካም ሰው አይደለምና መጽሐፉ አይረባም» የሚለው ፍርድ ከቀደምቶቻችን የወረስነው አይደለም።

ይህን ካልን በኋላ ሪንስዊንድን በምን እንመዝነው? በፍርሃቱ ብቻ ልንመዝነው አይገባም። ፍርሃት በራሱ ነውር አይደለም። የቧልት ሰውን ከነቢይ ጋር ማወዳደር ፈጽሞ አይገባም፤ ሆኖም ስለ ፍርሃት ባሕርይ ቁርኣን የሚነግረንን ማስታወስ እንችላለን። ሙሳ ዐለይሂ ሰላም በትሩ እባብ ሆና ስትንቀሳቀስ ባየ ጊዜ ዘወር ብሎ ሸሽቷል፤ ከግብፅም ሲወጣ እየፈራ ነበር። ይህ በሱረቱ-ል-ቀሰስ የሚነበብ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወንድሞቹን በጦር ሜዳ ጥሎ መሸሽ ከከባድ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን እናውቃለን። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ለእኔ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፦ ሰው ሲሸሽ ከኋላው ማንን ትቶ ይሄዳል? በእጁ ላይ አማና ነበረ ወይስ አልነበረም?

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ነገሩ ይለወጣል። ሪንስዊንድ ከዘንዶና ከጭራቅ መሸሹ ምንም አይደለም። ከመጽሐፉ ውስጥ የሚያስነውረው ድርጊት ብዙ አንባቢ ስቆ የሚያልፈው ነው፦ የእንግዳውን ደመወዝ ተቀብሎ፣ እንግዳውን በሌቦችና በነፍሰ ገዳዮች ከተማ ውስጥ ትቶ ለመጥፋት መሞከሩ። ይህ የአማና መጉደል እንጂ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ቱፍላወር ቋንቋ አያውቅም፣ አገሩን አያውቅም፣ ተንኮልን ጨርሶ አያውቅም። የዚህ ዓይነቱን እንግዳ ትቶ መሄድ ዓይነ ስውርን በገደል አፋፍ ላይ እንደ መተው ነው። በዚህ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ሪንስዊንድ ከእንግዳው ጋር የቆየው ገዥው ስላስፈራራው ነው። በኋላም እንግዳው በዘንዶዎቹ ተራራ ሲታሰር ሊያስፈታው የሄደው የሚናገር ሰይፍ አስገድዶት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች በዚህ መጽሐፍ ላይ የሰጡት ፍርድ ትክክል ነው፤ ምክንያታቸው ግን ስቷል። ያነሰው በመሮጡ አይደለም፤ አደራውን በፈቃዱ ባለመጠበቁ ነው።

ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም። በ1986ቱ መጽሐፍ ቱፍላወር ራሱን ስቶ ይወድቅና ነፍሱ ሞት ወደሚኖርበት ቤት ትሄዳለች። በዚህ ጊዜ ሪንስዊንድን የሚያስፈራራው ገዥ አጠገቡ የለም፤ የሚያስገድደው ሰይፍም የለም። ደመወዙም ቢሆን የቆየ ጉዳይ ሆኗል። ቢሆንም ወዳጁን ፍለጋ ወደዚያው ቤት ይሄዳል፤ መልሶም ያመጣዋል። እየፈራ ነው የሄደው። ደራሲው ፍርሃቱን አልቀነሰለትም፤ እግሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ብቻ ለወጠለት።

በ1988 የወጣው «ሶርሰሪ» ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኮይን የሚባል ልጅ አለ። ገና ሕፃን ነው፤ ኃይሉ ግን ከአስማተኞች ሁሉ በላይ ነው። የሞተው አባቱ በልጁ በትር ውስጥ ገብቶ ያዝዘዋል፤ እንቢ ሲል ያሠቃየዋል። አባቱ በሕይወቱ ያላገኘውን ክብርና በቀል በልጁ እጅ ሊያገኝ ይፈልጋል። ዓለም በልጁ ኃይል ሲናወጥ ታላላቆቹ አስማተኞች ከፊሎቹ ለልጁ ያጎበድዳሉ፤ ከፊሎቹ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ። በመጨረሻ ልጁ ፊት የሚቆመው ማን ነው? አንድም አስማት የማይችለው ሪንስዊንድ። መሣሪያው ካልሲ ውስጥ የከተተው ግማሽ ጡብ ነው።

አንባቢው ይስቃል፤ ማንስ የማይስቅ አለ? ግን ያ ጡብ ልጁን አይመታም። ልጁ በአባቱ በትር ላይ እንቢ ለማለት አቅም የሚያገኘው አንድ ትልቅ ሰው ፈርቶም ቢሆን ፊቱ ሲቆም ነው። ከዚያ ሁለቱም ጭራቆች ወደሚኖሩበት ጨለማ ዓለም ይወድቃሉ። ሪንስዊንድ ልጁን ወደ ብርሃኑ ሩጥ፣ የምትሰማው ምንም ይሁን ምን ወደ ኋላ አትይ ይለዋል። እሱ ራሱ ሌላኛውን ካልሲ አውልቆ አሸዋ ይሞላበትና ጭራቆቹ ወደ እሱ እንዲዞሩ ሊያደርግ ወደ መሐላቸው ይሮጣል። ልጁ ይወጣል፤ ሪንስዊንድ ይቀራል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከዚያ ወዲያ አናየውም።

እስቲ አስተውሉ። በሕይወቱ ሙሉ ያወቀው ነገር መሮጥ ነው። በዚያች ሰዓትም ሮጠ፤ ግን ወደ አደጋው። ያየው ሰው አልነበረም፤ ዘፈን የገጠመለትም፣ ሐውልት ያቆመለትም የለም። «ፈሪ ለእናቱ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ፈሪ ቢያንስ ለእናቱ በሕይወት ይተርፍላታል ማለት ነው። ይህ ፈሪ ግን የሌላ እናት ልጅ እንዲተርፍ ራሱ ቀረ። ልጅን መሣሪያ ባደረገ አባትና ለልጅ ራሱን በሰጠ ፈሪ መካከል የትኛው ትልቅ ሰው እንደሆነ መጽሐፉ አይሰብክም፤ እኛ እንድንፈርድ ይተወናል።

እዚህ ላይ ሪንስዊንድን የሚወዱት አንባቢዎች ሙሉ በሙሉ አሸነፉ ልንል ነውን? የለም። በእነሱም ላይ የሚነሳ ነገር አለ። ደራሲው በ1990 በወጣው «ኤሪክ» ሪንስዊንድን ከጨለማው ዓለም አወጣው። በ1994ቱ «ኢንተረስቲንግ ታይምስ» እና በ1998ቱ «ዘ ላስት ኮንቲነንት» ደግሞ ዳግመኛ ያው ሯጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ያ ሁሉ የደረሰበት ነገር በጠባዩ ላይ ብዙ አሻራ አልተወም። ቀልዱ የሚሠራው ሲሸሽ ስለሆነ እንዲሸሽ መልሶ ለቀቀው። የዚህ ደራሲ ሌሎች ባለታሪኮች፣ በተለይ የጥበቃ አዛዡ ቫይምስ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ያድጋሉ፤ ያረጃሉ፤ ከስካር ወጥተው ቤተሰብ ይመሠርታሉ። ሪንስዊንድ ይህ ዕድል አልደረሰውም። «አያድግም» ያሉት አንባቢዎች ስለ መጀመሪያው መጽሐፍ ብቻ ቢናገሩ ተቻኩለዋል ባልን ነበር፤ ስለ መጻሕፍቱ በጠቅላላው ሲናገሩ ግን እውነት አላቸው።

ሌላም ትችት አለኝ። በ«ሶርሰሪ» ውስጥ ታሪኩ ክላች ወደሚባል የምሥራቅ አገር ይሻገራል። እዚያ የምናገኘው ምንድን ነው? በምንጣፍ መብረር፣ ከመብራት የሚወጣ ጂን፣ በሀብት ውስጥ የሚዋኝ ሰነፍ ገዥና ተንኮለኛ ወዚር። ይህ የምሥራቅ ሰው የሚኖርበት ምሥራቅ አይደለም፤ የእንግሊዝ የልጆች ትያትርና ፊልም የፈጠረው ምሥራቅ ነው። ደራሲው የሚቀልደው በዚያ ትያትር ላይ ነው የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነት ነው። ግን ልጃችን ይህን ሲያነብ ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ ሁልጊዜ ይለየዋል ማለት አይቻልም። በቅንነት ለመናገር ግን ደራሲው ወደዚያው አገር በ1997 «ጂንጎ» በተሰኘው መጽሐፍ ሲመለስ ነገሩን አርሞታል። ከባሕር ውስጥ በወጣች አንዲት ደሴት የተነሳ ሁለቱ አገሮች ለጦርነት ሲዘጋጁ፣ የራሱ ከተማ ሰዎች ስለ ክላች ሕዝብ የሚያወሩትን ጥላቻና ድንቁርና እየነቀሰ ያሳቅቃቸዋል። አሕመድ የሚባለው የክላች ሰውም መጀመሪያ አረመኔ መስሎ ይቀርብና በኋላ የተማረ፣ ሕግ አስከባሪ ሰው ሆኖ ይገኛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ደራሲ በማየት ሲሻሻል ማየት ደስ ይላል።

ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ሌላ እንደሚሆን አውቃለሁ፦ «አስማት ያለበትን መጽሐፍ ለልጄ ልስጥ?» ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሲሕር በዲናችን ከባድ ወንጀል ነው፤ በሱረቱ-ል-በቀራ አንቀጽ 102 ላይ የተነገረውንም ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አስማት እንደ ምን ቀረበ ብለን ስንጠይቅ ግን የሚያስጎመጅ ሆኖ አናገኘውም። አስማተኞቹ ሆዳሞች፣ ለሹመት ሲሉ እርስ በርስ የሚገዳደሉ ናቸው፤ ዋናው ሰው ደግሞ አስማት የማይችል ነው። ድግምት የሚያስተምር ነገር የለበትም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ «አማልክት» ተብለው የቀረቡት በተራራ ላይ ተቀምጠው በሰው ሕይወት የገበታ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ሪንስዊንድም የሚተርፈው ከተጫዋቾቹ አንዷ፣ የዕድል እመቤት የተባለችው፣ ስለምትደግፈው ነው። ሰው ለምን ይኖራል፣ ለምን ይሞታል ለሚለው ጥያቄ መጽሐፉ የሚሰጠው መልስ ዕድል ነው። ስለ ቀደር የተማረ ልጅ ይህን የግሪክ ጣዖታት ተረት መቀለጃ መሆኑን ያውቃል፤ ያልተማረ ልጅ ግን ዓለም በእርግጥ የቁማር ገበታ እንደሆነች ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «አስማት አለበት ወይስ የለበትም» ከማለት ይልቅ «ልጄ ከዚህ በፊት ምን ተምሯል» ቢሆን ይሻላል። በተጨማሪም የመጠጥ ቤት ጨዋታና ለልጅ የማይሆን ቀልድ አለበትና ለትንንሾች የሚሰጥ መጽሐፍ አይደለም። አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት ለሞላው፣ ያውም ወላጁ አብሮ ሊያነበው ወይም ሊያነጋግረው ለሚችል ወጣት ነው።

ልጆቻችሁ አንብበውት ከሆነ ደግሞ «ወደድከው ወይስ ጠላኸው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። በማስተማር ሥራዬ እንዳየሁት፣ ልጅ ስለ ራሱ የማይናገረውን ስለ ባለታሪክ ይናገራል። ሪንስዊንድ የእንግዳውን ገንዘብ ይዞ ሲሸሽ ምን ተሰማህ ብላችሁ ጠይቁት። የከፋው ፍርሃቱ ነው ወይስ አደራ መብላቱ በሉት። ወዳጁን ፍለጋ ሲሄድ ፍርሃቱ ለቅቆት ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ለወንዶች ልጆቻችን «ወንድ ልጅ አይፈራም» እያልን ስንነግራቸው ኖረናል። ውጤቱ ምን ሆነ? ልጁ መፍራቱን አላቆመም፤ መፍራቱን መደበቅ ተማረ። በትምህርት ቤት የሚመታው ልጅ ለአባቱ አይነግርም፤ ጓደኞቹ ወደ ክፉ ነገር ሲጎትቱት «ፈሪ» እንዳይሉት ብሎ ይከተላል። ስንት ወጣት «ፈራሁ» ማለት አፍሮ ወደማይመለስበት ጎዳና ገባ?

እንግዲህ ከሦስቱ ወገኖች ከየትኛው ጋር ነህ ብትሉኝ፣ መልሴ ይህ ነው። «የአስማት ቀለም» እንደ ልቦለድ ደካማ ነው፤ ሦስተኛዎቹ ልክ ናቸው። ሪንስዊንድ እንደ ሰው አያድግም በሚለው የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው ልክ ናቸው። ሁለተኛዎቹ መስታወት ነው ሲሉም ልክ ናቸው፤ የሚሳሳቱት ግን መስታወቱን እንደ ማመኻኛ ሲይዙት ነው። «እኔም እንደ እሱ ፈሪ ነኝ፣ ምን አለበት?» ብሎ መጽሐፉን መዝጋት ይቻላል። ግን የ1988ቱን መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ያነበበ ሰው እንዲህ ለማለት ይቸገራል። ፈሪው ያን ልጅ አውጥቷል። አንተስ ደፋር ነኝ የምትለው፣ ወይም ፈሪ ነኝ ብለህ የምትመኻኘው፣ በእጅህ የተሰጠህን አደራ በጭንቅ ቀን ትተህ ትሄዳለህ ወይስ ትቆያለህ?

ይህን ጥያቄ በቧልት መሐል የሚያነሳ መጽሐፍ ጉድለቱ ቢበዛም ሊነበብ ይገባዋል፤ አንባቢው ዕድሜው የደረሰና ሚዛኑን የያዘ ከሆነ። ወላሁ አዕለም።